የእትዬ ጥሩአየሁ ደስታ

ትናንት ሌሊት ምንትዋብ በሕልሟ ዓለም በአናቷ ቆማ አየች። ሰሚ ሁሉ እንደ ደንቡ «ለበጎ ያድርግልሽ» ይበላትና እንቀጥል፤ በጎ ይሁን አይሁን በኋላ ራሱ ይፈርዳል።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሕልም ፈቺ አያሻም። ምንትዋብ የጋዜጠኝነት ተማሪ ናት። የመጨረሻ ዓመቷ ስለሆነ ለልምምድ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ «ጎሕ ቀደድ» በተባለች ሳምንታዊ ጋዜጣ ውስጥ ትሠራለች። ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ሲጠብቃት እሷ «በጽሑፍ እንጀራ እበላለሁ» ብላ ድርቅ ያለች ልጅ ናት። እናቷ መጀመሪያ «ልጄ፣ ጽሑፍ ይነበባል እንጂ ይበላል?» ብለው ነበር። ኋላ ግን ተሸነፉና ለጎረቤት ሁሉ «ጋዜጠኛ ልትሆንልኝ ነው» እያሉ ማውራት ጀመሩ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሟ ከአንድ ዜና ሥር መውጣት። የጋዜጣዋ ዋና አዘጋጅ ጋሽ አሸብርም ያሉት ይህንኑ ነው። «አንድ የረባ ዜና በስምሽ ይውጣ እንጂ፣ ስትመረቂ ወንበርሽ እዚሁ ይጠብቅሻል።»

ዜናውም ከደጇ መጣ። ሸክላ ሰፈር፣ ማለትም የምንትዋብ የራሷ ሰፈር፣ ለዓመታት ሲለምነው የኖረው የቦኖ ውሃ ረቡዕ ጠዋት ሊመረቅ ሆነ። ችግሩ ጋዜጣዋ የምትታተመው ማክሰኞ ማታ ነው። ጋሽ አሸብር ግን ይህን እንደ ችግር ቆጥረውት አያውቁም። በጎሕ ቀደድ ቤት የጠዋት ምረቃ በዋዜማው ይጻፋል። የጥሪ ወረቀቱ አለ፣ የክብር እንግዳው ንግግር ቀድሞ ተልኳል፣ ሕዝብ እንደሆነ ማጨብጨቡ አይቀርም።

«ተመረቀ ብለሽ ጻፊው» አሏት። «ነዋሪም ጨምሪበት። ነዋሪ የሌለው ዜና ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።»

«ገና ማንንም አላነጋገርኩም እኮ፣ ጋሽ አሸብር።»

«ውሃ የገባለት ሰው ምን ይላል? ከፋኝ ይላል?»

ምንትዋብ አሰበች። ይህ ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ስም አለው፤ መምህሯ ስሙን ሲጠሩ ፊታቸውን እንደሚያጨፈግጉ ትዝ አላት። ቀጥሎ ደግሞ ወንበሩ ትዝ አላት። ከዚያ የጎረቤቷን የእትዬ ጥሩአየሁን ስም ጻፈችና በአፋቸው «ደስታዬ ወሰን የለውም» የሚል አስቀመጠች። እትዬ ጥሩአየሁ በአህያ ከወንዝ ውሃ እያመላለሱ ቤታቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው፤ ምንትዋብን በልጅነቷ ያዘሏት ስለሆኑ አይቆጡኝም ብላ ነው። እራቷን ግን እንደነገሩ ቀማምሳ ተኛች።

በሕልሟ ከቤት ወጥታ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ትሄዳለች። ዋናው መንገድ ላይ ጋዜጦች በየበረንዳው እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠው ሰው ያነባሉ። አንዱ ጋዜጣ ኮት የለበሰ ሰውዬ በኮሌታው አንስቶ ፊቱን ላይ ላዩን አየት አደረገና ወዲያው ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ጀመረ፤ ስፖርቱ ያለው ከኋላ ነው። ሌላው አንብቦ የጨረሳትን ሴት ለጎረቤቱ አዋሳት። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት የቆሎ ሻጭ ጋዜጣ የቆዩ ሰዎችን እየጠቀለለች ቆሎ ትሰፍርባቸዋለች። ከተጠቀለሉት አንዱ የድሮ የሒሳብ አስተማሪዋ ነበሩ።

«ደህና ነዎት፣ መምህር?» አለቻቸው።

«ምን ደህንነት አለ። ባለፈው ሳምንት ርዕስ ነበርኩ» አሏት፣ ሽምብራ ከጺማቸው እየተራገፈ።

ምንትዋብ አዘነችላቸው፤ ግን ክፍል ይረፍድብኛል ብላ አለፈች። ወደ ቢሮ እየሄደች እንደነበር ረስታለች። ሕልም ነውና የጋዜጠኝነት መማሪያ ክፍሏ ከበረንዳው ቀጥሎ ተገኘ። ወንበሮቹ ላይ ግን የተቀመጡት የክፍል ጓደኞቿ አልነበሩም፤ ክስተቶች ነበሩ። አንድ ጎርፍ ሱሪውን ሰብስቦ ከፊት ተቀምጧል፣ አንድ ሠርግ ጎኑ ካለ የእግር ኳስ ጨዋታ ጋር ያወራል፣ የቀረውን ወንበር ሁሉ የያዙት ስብሰባዎች ናቸው። መምህሯ እንዴት ዜና እንደሚኮን እያስተማሩ ነበር።

«ጎርፍ፣ አንተ ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?»

«ሰበር ዜና፣ መምህር።»

«ጎበዝ። ስብሰባስ?»

«የፊት ገጽ» አለ ከስብሰባዎቹ አንዱ።

«ምን ሠርተህ?»

ስብሰባው ጥያቄው አልገባውም። «ተካሂጄ ነዋ» አለ። «በተሳካ ሁኔታ።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ከኋላ ጥግ ላይ አንድ ቀጭን፣ እግሩ አቧራ የለበሰ ክስተት እጁን ካወጣ ቆይቷል። ምንትዋብ አወቀችው፤ የሸክላ ሰፈር የውሃ መቅዳት ነው። በየማለዳው በሯ ላይ ሲያልፍ ታየዋለች። መምህሯም በመጨረሻ አዩት።

«አንተ እጅህን አውርድ» አሉት። «አንተ በየቀኑ ነው የምትሆነው።»

እሱም አወረደ። ምንትዋብ አንድ ነገር ልትልለት ፈልጋ ነበር። ግን ክፍሉ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሄደና ከጎሕ ቀደድ በር ላይ ራሷን አገኘችው።

በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ኃላፊዎች ናቸው፤ ሁሉም ከነከረባታቸው፣ ፋይላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው። ከሰልፉ ራስ ላይ ትልቅ ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠችው የጉልት ሽንኩርት ሻጭ ነበረች። ፊቷ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሮላታል። ከጎኗ ጸሐፊዋ ቆማለች።

«አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ» አለ የመጀመሪያው ኃላፊ። «ሕዝቡ ስለ እኛ ምን እንደሚል ለማወቅ ያህል…»

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች ጸሐፊዋ።

«ይኸው ተቀምጠው እያየኋቸው?»

«በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ። ፎቶ ኮፒ ይዘው ይምጡ።»

«የምን ፎቶ ኮፒ?»

«የራስዎን።»

ኃላፊው እሺ ብሎ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። ሽንኩርት ሻጯ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ሽንኩርቷን እየላጠች ነበር፣ የሚያለቅሱት ግን የተሰለፉት ናቸው። ምንትዋብ ሳቋን አፍና ገባች።

በረንዳው ላይ ጋሽ አሸብር ቢጫ ጄሪካን በግራና በቀኝ ተጭነው ቆመዋል።

«ምን ሆኑ፣ ጋሽ አሸብር?»

«ምንም አልሆንኩም። የሥራ ድልድል ነው» አሉ፣ በጆሯቸው ዝንብ እያባረሩ።

ከውስጥ፣ በእሳቸው ወንበር ላይ መነጽር አድርጎ የተቀመጠው የእትዬ ጥሩአየሁ አህያ ነበር። ምንትዋብ በሕልሟ አንቱ ስላለችው እኛም ለጊዜው አንቱ እንበላቸው። ዋና አዘጋጁ አህያ የፊታቸውን ወረቀት በሰኮናቸው ገፋ አድርገው አዩዋት።

«ከሥራ በፊት አንድ አቤቱታ አለን» አሉ። «'የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም' የሚል ነገር በአገሩ ይወራል። ምንጩ ማን ነው?»

«ተረት ነው፣ ጌታዬ። የአባቶች ነው።»

«አባቶች የሚመለከተውን አካል አነጋግረዋል? ባልየውን ጠይቀዋል?»

«አይመስለኝም።»

«ጅቡንስ?»

ምንትዋብ አንገቷን ደፋች። ሁለቱንም ወገን መጠየቅ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ ፈተናውንም ያለፈችው በደህና ውጤት ነበር።

«ማስተባበያ እናወጣበታለን» አሉ አህያው። «አሁን ወደ አንቺ እንምጣ። ዜናሽ ደርሶናል፤ ያምራል። ሄዷል፤ ታትሟል። የቀረው ድርጊቱ ነው።»

«ድርጊቱ ገና ነው?»

«እዚህ ቤት ድርጊት በዜናው ልክ ይሰፋል እንጂ ዜና በድርጊት ልክ አይሰፋም። አንቺ ራስሽ አይደለሽ የለካሽው?»

የቀጣዩ ክፍል በር ተከፈተ። ልብስ ሰፊዎች ረቡዕ ጠዋትን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ። አንዱ «ጭብጨባው ረዘመ፤ ላጥፈው?» ይላል። ሌላው አፉ ውስጥ መርፌ እንደያዘ «የሴትየዋን ሀዘን የት ላድርገው? ዜናው ላይ የለም» ብሎ ጠየቀ። «ቅዳጅ ነው፤ ጣለው» አሉት።

ምንትዋብ የማን ሀዘን እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሸክላ ሰፈር ደርሳ ነበር። ምረቃው ተጀምሯል። ቦኖው መድረኩ ላይ በክብር ወንበር ተቀምጧል፣ የክብር እንግዳው ደግሞ እስከ ጉልበታቸው መሬት ውስጥ ተተክለዋል። ሕዝቡ መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ከዚያ ንግግሩ ቀጠለ። እንግዳው «አመሰግናለሁ» ብለው ጀምረው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄዱ «ክቡራትና ክቡራን» ላይ ሲደርሱ ጨረሱ። ሪባኑ መቀሱን አነሣና የእንግዳውን ከረባት ቆረጠ። ቦኖውም ተከፈተ።

ውሃ አልወጣም። የወጣው የምንትዋብ ዜና ነው። «ደስታዬ ወሰን የለውም፣ ደስታዬ ወሰን የለውም» እያለ ይንዠቀዠቃል፤ ሴቶቹም ጄሪካናቸውን አስጠግተው ይቀዳሉ። ሞልቶ ሲያነሡት ይቀላል። አንዷ ቤቷ ወስዳ ሽሮ ልትበጠብጥበት ሞከረች፤ ሽሮው ዱቄት እንደሆነ ቀረ።

«ሽሮ በደስታ አይበጠበጥም እንዴ?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች።

«እኔ ልብስ አጥቤበት ነበር» አለቻት ጎረቤቷ። «እድፉ ፈነደቀ እንጂ አልለቀቀም።»

እስከዚህ ድረስ ምንትዋብ በሕልሟ ትስቅ ነበር። ሳቋ የጠፋው እትዬ ጥሩአየሁን ስታይ ነው። ከሕዝቡ ዳር ለብቻቸው ቆመዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል። ሮጣ ሄደች።

«እትዬ ጥሩአየሁ፣ ደህና አደሩ?»

«ደስታዬ ወሰን የለውም» አሉ።

«ጉልበትዎን ተሻለዎት?»

«ደስታዬ ወሰን የለውም።»

እያሾፉባት አልነበረም። በእጃቸው ወደ አፋቸው እያመለከቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዜናው ከወጣ ወዲህ ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ልጃቸው ከሩቅ አገር ስልክ ደውሎ «እማዬ፣ ታምሜያለሁ» ቢላቸው የመለሱለት ይህንኑ ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ ዕድርተኛ ናቸውና አይቀሩም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከሟች ሚስት ፊት ቆሙ። እንባቸው ይወርዳል።

«ደስታዬ ወሰን የለውም» አሉ።

የዕድሩ ዳኛ ብድግ ብለው የእትዬ ጥሩአየሁ ስም ከዕድር እንዲፋቅ አዘዙ። ምንትዋብ «እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ሲሉ ገልጸዋል» የሚል ብቻ ነው። ደግማ ሞከረች። «ሲሉ ገልጸዋል።» በሕይወቷ እንደዚያ አፍራ አታውቅም። ሰው ወንፊት እንኳ ሲዋስ ባለቤቱን ያስፈቅዳል፤ እሷ የሰው አፍ ሳታስፈቅድ ወስዳ ነበር።

እያለቀሰች ወደ ዋና አዘጋጁ አህያ ተመለሰች። እዚያ ስትደርስ አፏ ተፈታላት።

«ጌታዬ፣ እኔም ማስተባበያ ላውጣ።»

«ምን ብለሽ?»

«እትዬ ጥሩአየሁ እንዲህ አላሉም ብዬ።»

«አላሉም ማለት ምን ይጠቅማቸዋል? ዝም ማሰኘት ነው። ታዲያ ምን አሉ?»

እትዬ ጥሩአየሁ ምንትዋብን አዝለዋታል፣ ቆሎ ሰጥተዋታል፣ ስትወድቅ አንስተዋታል። ስንት ዓመት ከወንዝ ውሃ ሲያመላልሱ በመስኮት አይታቸዋለች። አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ነገር ምን ይላሉ ብላ ጠይቃቸው አታውቅም።

«ከራሳቸው አፍ አንድ ነገር አምጪ» አሉ አህያው፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «አንድ ይበቃል። እሳቸው አፋቸውን ያገኛሉ፣ አንቺም ወንበርሽን። ካላመጣሽ ግን…» ብለው በአገጫቸው ወደ በረንዳው አመለከቱ። ጋሽ አሸብር እንደተጫኑ ቆመዋል። «ጄሪካን ሞልቷል።»

ምንትዋብ ሮጠች። እትዬ ጥሩአየሁን ከድንኳኑ ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የኔን ይተዉት። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እትዬ ጥሩአየሁ አዩዋት። ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቋቸው እንደማያውቅ ከዓይናቸው ያስታውቃል። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፣ ከየበረንዳው ጋዜጦቹ ያነቡት የነበረውን ሰው አስቀምጠው መጡ፣ የተተከሉት የክብር እንግዳም አንገታቸውን አሰገጉ። እትዬ ጥሩአየሁ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አፋቸውን ከፈቱና…

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ምንትዋብ ነቃች። ነግቷል። በሩ ነው የሚንኳኳው። ፀጉሯን እንኳ ሳታስተካክል ተነሥታ ከፈተች። እትዬ ጥሩአየሁ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ደስታዬ ወሰን የለውም» አሉ።

ምንትዋብ መቃኑን ተደገፈች።

«እንዲህ ነው አይደል ያልኩት?» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ከነጠላቸው ሥር ጎሕ ቀደድን እያወጡ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስምሽ ወጣ። እናትሽ ናት ያነበበችልኝ፤ እሷማ በደስታ ልታብድ ነው። እኔ ይኸው ከማለዳ ጀምሮ ስሸመድደው ነው። ግን ምንትዬ፣ ይህን ካልኩ በኋላ አለቅሳለሁ ወይስ እስቃለሁ? እሱን አልጻፍሽውም።»

«እትዬ፣ ምረቃው ግን…»

«ምረቃውማ ቀረ። እንግዳው ድንገተኛ ስብሰባ ገጠማቸው፣ ተራዝሟል ብለው ነገሩን። ውሃውም መስመሩ ገና ነው አሉ። ግን ጋዜጣው ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው ይላል። እና ሰፈሩ ተመካክሮ ቦኖው ጋ ወጥቷል። እያጨበጨበ ነው፣ አይሰማሽም?»

ምንትዋብ አዳመጠች። እውነትም ከታች በኩል ጭብጨባ ይሰማል። እርግጥ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሞቅ ያለችዋን የእናቷን እጅ ግን ከሩቅ ለየቻት።

«ባዶ ቦኖ ላይ? ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። «ያሳደግናት ልጅ መጀመሪያ በጻፈችው ውሸታም ትባል?»

ምንትዋብ የምትገባበት ቀዳዳ አጣች። ቢቆጧት ይሻል ነበር። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር እትዬ ጥሩአየሁ አላስጨረሷትም።

«በይ በይ፣ ልብስሽን ልበሺ። እኔም ያስያዝሽኝን ቃል ብዬ፣ አጨብጭበን ቶሎ እንጨርስና ወንዝ ልውረድ። ከትናንት ጀምሮ ቤቴ ጠብታ ውሃ የለም፤ ጉልበቴም ያንን ዳገት እየጠላው ነው።»

ከኋላቸው አህያው ቢጫ ጄሪካናቸውን ተጭነው ቆመዋል። ይቅርታ፣ ተጭኖ ቆሟል። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ምንትዋብን ያያታል።

«እትዬ፣ ያሉትን እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ደስታዬ ወሰን…»

«እሱን አይደለም። የኋለኛውን።»

«ወንዝ ልውረድ ያልኩትን?» እትዬ ጥሩአየሁ ሳቁ። «እሱንማ በየቀኑ ነው የምለው፤ ምኑ ይጻፋል?»

ምንትዋብ ግን እስክሪብቶ ፍለጋ ወደ ውስጥ ተመልሳ ነበር።